ታሪክን በቤት የማስተማር ዕቅድ፤ የአራት ዓመቱ ዑደት ሲመረመር

ልጆቻቸውን በቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች ከሚያወጧቸው የትምህርት ዕቅዶች ሁሉ የታሪኩን ያህል የሚያስቸግር የለም። ሒሳብ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ መደመርን ያላወቀ ሕፃን ማባዛትን አይጀምርም። ንባብም ከፊደል ይነሣል። ታሪክ ግን ከየት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚመረጥና ምን እንደሚተው የሚወስነው ዕቅዱን የሚያወጣው ሰው ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት ይህን ውሳኔ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ፣ የመጽሐፉ ደራሲ፣ መምህሩና ፈታኙ ይከፋፈሉታል። በቤት ውስጥ ግን መራጩም፣ ተራኪውም፣ ፈታኙም ያው ወላጅ ነው። ወላጁ የተሳሳተ እንደሆነ የሚያርመው፣ ያዳላ እንደሆነም የሚያቀናው ሌላ ሰው በቤቱ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ መስክ በስፋት ከታወቁት ዕቅዶች አንዱን፣ ማለትም ታሪክን በአራት ዓመት ዑደት የማስተማርን ዕቅድ፣ ጥቅሙንና ጉድለቱን ለይቶ መመርመር ነው። ጉዳዩ ለክፍል መምህርና ለትምህርት ዕቅድ አዘጋጅ ባዕድ አይደለም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ብዙ ወላጅ ሳይዘጋጅ የልጁ መምህር ለመሆን ተገዷል። ከዚህም በላይ፣ ተማሪዎች በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚማሩበት ክፍል አንድ ተራኪ ብቻ ካለበት ቤት ብዙ አይለይም። (በሌላ ምልክት ካልተለየ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዕቅዱ መነሻ

የቤት ትምህርት በሰፊው ከሚሠራባቸው አገሮች ዋነኛዋ አሜሪካ ናት። ከ1993 ወዲህ በሃምሳውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማእከል በቤት የሚማሩትን ልጆች ቁጥር በ1999 ወደ 850,000፣ በ2016 ደግሞ ወደ 1.7 ሚሊዮን አድርጎ ገምቶታል። ሕጉ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። በኒውዮርክ ወላጁ በየዓመቱ የትምህርት ዕቅዱን በጽሑፍ ማቅረብና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ የአሜሪካ ታሪክም ከሚጠየቁት ትምህርቶች አንዱ ነው። በቴክሳስ ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ባጸናው መሠረት ከወላጁ የሚጠበቀው ንባብን፣ የቃላት አጻጻፍን፣ ሰዋስውን፣ ሒሳብንና መልካም ዜግነትን የያዘ ትምህርት ሲሆን፣ ታሪክ በስሙ አልተጠራም። እንግዲህ በአንደኛው ግዛት ዕቅዱን የሚያይ ባለሥልጣን አለ፤ በሌላኛው የለም። በሁለቱም ግን ታሪኩ በማን አንደበት እንደሚነገር የሚወስነው ወላጁ ነው።

ወላጆች ይህን ሸክም የሚያቀልላቸው መጽሐፍ ሲሹ ኖረዋል። እንግሊዛዊቷ የትምህርት ሊቅ ሻርሎት ሜሰን በ1886 «የቤት ትምህርት» በሚል ርእስ ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪክ በደረቅ ማጠቃለያ ሳይሆን በሕያው ትረካ እንዲሰጥ፣ ልጁም የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲተርክ መከሩ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የካልቨርት ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ቨርጂል ሂልየር በበኩላቸው በ1924 ለሕፃናት የሚሆን የዓለም ታሪክ አሳተሙ፤ ትምህርት ቤቱም ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የተሰናዳ ትምህርት በፖስታ ወደየቤቱ ይልክ ነበር። በ1947 ደግሞ ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ በኦክስፎርድ ባሰሙት ንግግር፣ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተማሪ በተራ ይማራቸው የነበሩት ሰዋስው፣ ሎጂክና ሪቶሪክ ከልጁ የዕድገት ደረጃዎች ጋር ሊዛመዱ እንደሚችሉ አሳሰቡ።

እነዚህን ክሮች በአንድ የገመዱት ጄሲ ዋይዝና ልጃቸው ሱዛን ዋይዝ ባወር ናቸው። እናቲቱ ልጃቸውን በቤት አስተምረዋል፤ ልጅቱም በኋላ የራሳቸውን ልጆች በቤት አስተምረዋል። ሁለቱ በ1999 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ርእሱ «በሚገባ የሠለጠነ አእምሮ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው፣ በ2016 ለአራተኛ ጊዜ ታርሞ ወጥቷል። ባወር ከዚሁ ዕቅድ ጋር የሚሄድ «የዓለም ትረካ» የተሰኘ ባለአራት ቅጽ የሕፃናት መጽሐፍም ጽፈዋል።

የዕቅዱ ይዘት

ዕቅዱ የ12ቱን ዓመት ትምህርት በሦስት እርከን ይከፍላል፤ እያንዳንዱ እርከን አራት ዓመት አለው። በየእርከኑ የመጀመሪያው ዓመት ከጥንት እስከ 400፣ ሁለተኛው ከ400 እስከ 1600፣ ሦስተኛው ከ1600 እስከ 1850፣ አራተኛው ከ1850 እስካለንበት ዘመን ያለውን ታሪክ ይይዛል። በዚህም ልጁ ከጥንት እስከ ዛሬ ያለውን ጉዞ ሦስት ጊዜ ይሄደዋል። በመጀመሪያው እርከን ወላጁ ትረካውን ያነብለታል፤ ልጁ የሰማውን መልሶ ይተርካል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ካርታ ይቀባል፤ ሥራውንም ሁሉ በአንድ የታሪክ ደብተር ያጠራቅማል። በሁለተኛው እርከን፣ ይኸውም ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ የጊዜ መስመር ይሠራል፤ ያነበበውን በአርእስት ከፋፍሎ ያሳጥራል፤ በየዘመኑ የተጻፉ ሰነዶችንም መመርመር ይጀምራል። በሦስተኛው እርከን ታላላቅ መጻሕፍትን በዘመን ቅደም ተከተላቸው ያነባል፣ ሐተታም ይጽፋል።

የዕቅዱ ጥቅም

የዚህ ዕቅድ የመጀመሪያ ጥቅሙ ጊዜን ማክበሩ ነው። በአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ልማድ ልጁን ከቤተሰቡ ወደ ሠፈሩ፣ ከሠፈሩ ወደ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ግዛቱና ወደ አገሩ ቀስ በቀስ የሚያወጣ ነው። ይህ ለጂኦግራፊ ያመቻል፤ ነገር ግን ልጁ ከሁነቶች የትኛው እንደቀደመና የትኛው እንደተከተለ ሳያውቅ ብዙ ዓመት እንዲቆይ ያደርጋል። ታሪክ ያለ ቅደም ተከተል እንደተበተነ ዶቃ ነው፤ የአራት ዓመቱ ዑደት ለዶቃው ክር ሰጥቶታል።

ሁለተኛው ጥቅም ድግግሞሹ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ጀሮም ብሩነር በ1960 ባሳተሙት የትምህርት ሂደትን የሚመለከት መጽሐፍ፣ ዋና ዋና ሐሳቦች በየደረጃው እየጠለቁ ተመልሰው መምጣት እንዳለባቸው አስረድተዋል። ልጁ በአንደኛ ክፍል በተረት መልክ የሰማውን ግብጽ በ5ኛ ክፍል በአርእስት፣ በ9ኛ ክፍል በክርክር ሲያገኘው ዕውቀቱ ሥር ይሰዳል። ሦስተኛውም ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ ካርታና የወላጅ ድምፅ ለማንኛውም ቤት የሚገኙ መሣሪያዎች ናቸው።

የዕቅዱ ጉድለት

ሀ/ ሁለተኛው ድምፅ ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ልጁ የሚሰማው አንድ መጽሐፍ በአንድ ወላጅ አንደበት ሲነበብ ነው። መልሶ መተረክ ጆሮንና ትዝታን ያሠለጥናል፤ ነገር ግን «ይህን ማን አየ? ማን ጻፈው? ስለ ምን ጻፈው?» ብሎ መጠየቅን አያስተምርም። ጥሩ ተማሪ የሚባለው ከሰማው ያልወጣው ነው። ዕቅዱ ይህን ጥያቄ ለ5ኛ ክፍል ሲያቆየው፣ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም ያቆየዋል፤ ልማድ ደግሞ ዘግይቶ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል።

የዚህን አደጋ መጠን ሳም ዋይንበርግ በ1991 ያወጡት ጥናት ያመለክታል። ተመራማሪው በ1775 በሌክሲንግተን ስለተደረገው ግጭት የሚናገሩ ሰነዶችን ለ8 የታሪክ ሊቃውንትና ለ8 የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ተማሪዎች ሰጥተው ሲያነቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረጉ። ሊቃውንቱ የሰነዱን ጸሐፊና የተጻፈበትን ጊዜ አስቀድመው ይመለከቱ፣ አንዱንም ሰነድ ከሌላው ጋር ያስተያዩ ነበር። ተማሪዎቹ በትምህርታቸው ብርቱዎች ቢሆኑም፣ ሰነዱን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች አነበቡት። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ የአሜሪካ ታሪክ ልዩ ሙያቸው አልነበረም። እንግዲህ የሁለቱ ወገን ልዩነት በሚያውቁት ነገር ብዛት ሳይሆን በአነባበባቸው ነው።

ለዚህ ነቀፌታ የዕቅዱ ደጋፊዎች የሚሰጡት መልስ ይታወቃል፤ ሕፃን አስቀድሞ ማወቅ፣ ቀጥሎ መመዘን ይገባዋል ይላሉ። የኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርትም በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ይመስላል፤ ተማሪው ንባቡን አስቀድሞ ያጠናል፣ ትርጓሜውን የሚሰማው ወደ ኋላ ነው። ይሁን እንጂ በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ተማሪው አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል በጆሮው እየለመደ ያድጋል። ብሩነርም ማንኛውም ትምህርት ለማንኛውም ዕድሜ እውነቱን ሳይለቅ ሊቀርብ ይችላል ብለዋል። ለሰባት ዓመት ሕፃን ረጅም ሰነድ አይሰጠውም፤ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ሳንቲም፣ ወይም በሁለት ሰዎች የተነገረ አንድ ታሪክ ግን አይከብደውም። ሁለት ልጆች ስለተሰበረ ብርጭቆ የተለያየ ቃል ሲሰጡ ሲሰማ፣ ምስክርን ስለመመዘን ገና ከቤቱ ይማራል።

ለ/ የዘመኑ ድንበር ከአንድ አቅጣጫ የተተከለ ነው። 400 ዓ.ም. ለምዕራባዊው የሮማ መንግሥት የመድከም ዘመን ነው። ለአክሱም ግን ድንበር አይሆንም። ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ዐረብ የዘመተው በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ዕቅዱን እንዳለ የሚከተል ወላጅ አንዱን መንግሥት ለሁለት ከፍሎ፣ ኢዛናን በአንደኛው ዓመት፣ ካሌብን በሁለተኛው ዓመት ያስተምራል። በሌላ በኩል የ1600ና የ1850 ድንበሮች በ1630ዎቹ ከተመሠረተችው ከጎንደርና በ1855 ከነገሡት ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋር ይቀራረባሉ። ስለዚህ ድንበሩ ሁልጊዜ አይገጥምም ማለት አይቻልም፤ የሚቻለው ድንበር ሁሉ ሰው የተከለው መሆኑን ልጁ ማወቅ አለበት ማለት ነው። ወላጁ «ይህን ዓመት እዚህ ላይ የምንቆርጠው በማን ታሪክ ነው?» ብሎ ከልጁ ጋር ካልተነጋገረ፣ የደራሲው ምርጫ በልጁ ዘንድ የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ ይቀራል።

ሐ/ የምዕራፎቹ ብዛት ወላጁን ለሩጫ ይዳርገዋል። የ«ዓለም ትረካ» አንደኛው ቅጽ 42 ምዕራፎች አሉት። በአሜሪካ የተለመደው የትምህርት ዓመት 180 ቀን፣ ማለትም 36 ሳምንት ነው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ሳይታጐል ቢነበብ እንኳ 6 ምዕራፎች ይተርፋሉ። ወላጁ መጽሐፉን ለመጨረስ ሲጣደፍ አስቀድሞ የሚቀረው በመጽሐፉ ውስጥ ያልተጻፈው፣ ይኸውም ጥያቄው ነው።

ዕቅዱ በአንድ ርእስ ሲፈተን

ከላይ የተባለው ነቀፌታ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ የዋሽንግተን ከተማና አካባቢዋ ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ወላጅ፣ ዘወትርም ሆነ በቅዳሜና በእሑድ ብቻ፣ ልጁን ታሪክ ለማስተማር ዕቅድ አወጣ እንበል። ከ1850 ወዲህ ያለውን ዘመን ሲያስተምር ዐድዋ ላይ ይደርሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን በሚገባ ይተርካል፤ ልጁም መልሶ ይተርካል። በዕቅዱ ሥርዓት መሠረት ትምህርቱ ተሰጥቷል፣ ፈተናውም አልፏል።

ይህ ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቱ ወይም በኮሌጅ ሌላ ተራኪ ያገኛል። አዲሱ ተራኪ ከአባቱ የተለየ ነገር የነገረው እንደሆነ ልጁ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀሩታል፤ ወይ አባቴ ዋሸኝ ይላል፣ ወይ ሌላውን አልሰማም ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። ሁለቱም የታሪክ ትምህርት ውድቀት ናቸው። የመጀመሪያው ልጁን ከቤቱ ይለየዋል፤ ሁለተኛው ከዕውቀት ይለየዋል።

ወላጁ ግን ከትረካው ጋር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ይዞ ይቅረብ። የአማርኛው ቅጅ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ የኢጣልያንኛው ቅጅ በዚሁ አማካይነት ለመሥራት እንደተስማሙ አድርጎ ግዴታ ያደርገዋል። አፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ጦርነቱም ተከተለ፤ ከድሉ በኋላ በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ ነፃነት ታወቀ። የአሥር ዓመት ልጅ «ይቻላል» እና «ተስማምቷል» የሚሉት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለመረዳት አያዳግተውም። በዚህች አንዲት አንቀጽ ምክንያት ሰነድ ለምን እንደሚነበብ፣ ቋንቋ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም፣ ሁለቱንም ቅጅ ሳያዩ መፍረድ ለምን እንደማይገባ በአንድ ጊዜ ይማራል። ባዕድ አገር ተወልዶ አማርኛ የሚያስቸግረው ልጅ፣ የአባቱ ቋንቋ ለአንድ መንግሥት ነፃነት ማስረጃ ሆኖ ሲያየው፣ ቋንቋውን ለመማር ከምክር የበለጠ ምክንያት ያገኛል።

ስለ ጦርነቱም ከአንድ በላይ ድምፅ አለ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የአፄ ምኒልክ ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥቱ ድምፅ ነው። በርክሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1902 ያሳተመው መጽሐፍ ከውጭ የሚመለከት ሰው ድምፅ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሕይወት ታሪካቸው የተዉት ደግሞ በልጅነቱ ከዘማቹ ጋር የነበረና በኋላ አርጅቶ የጻፈ ሰው ድምፅ ነው። ልጁ ከሦስቱ አጫጭር ክፍል ሰምቶ፣ በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ በደብተሩ ይጽፍ። ይህ ድሉን አያሳንሰውም። ልጁ ድሉን ስለ ምን እንደሚያምን ያውቃል፤ ሌላ ተራኪ ሲመጣም የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ አለ።

የማሻሻያ ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት የአራት ዓመቱን ዑደት መጣል ሳይሆን ማሻሻል የሚገባ ይሆናል። የ36ቱ ሳምንት ጊዜ እንደሚከተለው ሊደለደል ይችላል።

1ኛ/ 22 ሳምንት ለትረካ። ወላጁ ከመጽሐፉ ምዕራፎች 22ቱን ብቻ ይምረጥ፤ የተዋቸውንና የተዋቸውበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ይጻፍ። ልጁ ከፍ ሲል ይህን ገጽ እንዲያነብ ይሰጠው።

2ኛ/ 8 ሳምንት ለሰነድ። በየጊዜው ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ። ለሕፃን ሥዕልና ሳንቲም፣ ለታላቁ ልጅ ደብዳቤና ውል ይሁኑ። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት አይለወጡም፤ ማን ተናገረ? መቼ? ለማን? ሌላውስ ምን አለ?

3ኛ/ 4 ሳምንት ለአረጋውያን ቃል። ልጁ አያቶቹን አባትና እናታቸውን እየጠየቀ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠር። አንዱ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢታሰብ ሰባቱ ከ175 እስከ 210 ዓመት ይወስዳሉ፤ ልጁ በራሱ የዘር ሐረግ ወደ ዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ይደርሳል ማለት ነው። የጊዜ መስመር በወረቀት ከመሠራቱ በፊት በሰው ስም ተሠራ ማለት ነው። ስለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ 1966 ዓ.ም. አብዮት፣ አንድን ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ሁለት ይጠይቅ፤ የማይስማሙበትንም ሳያስታርቅ ይመዝግብ።

4ኛ/ 2 ሳምንት ለክለሳና ለፈተና። በዚህ ጊዜ ፈታኙ ከወላጁ ሌላ ይሁን። ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ሁለት ቤተሰቦች ቢለዋወጡ፣ መራጩ፣ ተራኪውና ፈታኙ አንድ ሰው መሆናቸው ይቀራል።

ማጠቃለያ

የአራት ዓመቱ ዑደት ለወላጅ ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ዕቅድ ነው። ታሪክን በጊዜ አሰልፎታል፤ ከጥንት እስከ ዛሬ ያለውንም ዓለም ለልጁ ከፍቶለታል። የጐደለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወላጁ ድምፅ ጋር የሚቆም ሌላ ድምፅ ነው። ይህ ጉድለት በቤት ውስጥ ጐልቶ ይታይ እንጂ የቤት ብቻ አይደለም። ስልሳ ተማሪዎችን በአንድ መጽሐፍ የሚያስተምር መምህርም የውጫሌን ውል ሁለት ቅጆች በጥቁር ሰሌዳው ግራና ቀኝ ጽፎ ተማሪዎቹን ሊያከራክር ይችላል፤ ለዚህ ከጠመኔ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዕቅድ አዘጋጁም ከየምዕራፉ መጨረሻ የቃል ጥናት ጥያቄ ከማብዛት ይልቅ ሁለት አጫጭር የማይስማሙ ምስክርነቶችን ቢያትም ለመምህሩ መንገድ ይከፍትለታል።

ታሪክ ክርክር በሚያስነሣበት አገር ሁለት ተራኪዎችን በትዕግሥት ማዳመጥ የማይችል ዜጋ ማሳደግ ዋጋው ከባድ ነው። «አንድም» ማለትን ልጁ ከቤቱ ጀምሮ ይልመድ፤ የሰማውን ለመመዘን ከአምስተኛ ክፍል መድረስ የለበትም።